ጎደሎ አገልግል

"አንቀመጥም!" አሉ አያ እሸቴ፣ ወለላ ያቀረበችላቸውን በርጩማ በከዘራቸው ገፋ አድርገው። "ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ውሃም አንቀምስም።"

ወለላ የማሽላ መውቂያ ዱላዋን እንደያዘች ቀና አለች። ከአያ እሸቴ ኋላ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ኩታቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ባሏ ይሁኔ ከበረቱ በኩል መጥቶ ከእነሱ ጎን ቆመ እንጂ ወደ እሷ አልመጣም። ሽማግሌ ቆሞ ውሃ አልቀምስም ካለ የመጣው ወይ ለእርቅ ወይ ለጋብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ከማንም አልተጣሉም።

"ይሁን፣ ተናገሩ" አለች።

"ልጃችሁን እፀገነትን ለልጃችን ለአላምረው ስጡን ብለን ነው የመጣን።"

"ለየትኛው አላምረው?"

"ለባለ ባጃጁ ነዋ! ስንቅሽን ቆቦ ለሚያደርስልሽ።"

ወለላ ሳቋ አመለጣት። አላምረው የሮቢት ልጅ ነው፤ ተጫዋች፣ ሰው አክባሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ አስፋልቱ ዳር ይጠብቃትና አገልግሉን ከእጇ ተቀብሎ፣ ቆቦ ቤት ተከራይታ ለምትማረው ልጇ ያደርስላታል። ለዚህ አንድም ቀን ሂሳብ ጠይቋት አያውቅም። እሷም "ክፉ አይንካህ ልጄ" እያለች ስትመርቀው ከርማለች።

"እፀገነት ገና አስረኛ ክፍል ናት በሉት" አለች እየሳቀች። "ደግሞስ ያን ሁሉ ጊዜ ሲመላለስ ምነው ለእኔ ሳይነግረኝ?"

ማንም አልሳቀላትም። አያ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወለላ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልጆቹ ቀድመውናል። ልጅቱ ሁለት ነፍስ ሆናለች።"

እንዲህ ያለ ወሬ የሰማ ሰው የያዘውን ይጥላል ይባላል። ወለላ ግን ዱላውን ጭራሽ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ወደ ባሏ ዞረች። ይሁኔ መሬት መሬቱን ያያል። ነገሩን የሰማችው ከሁሉም መጨረሻ እንደሆነ ከአቀራቀሩ ገባት።

"መቼ ሰማህ?"

"ትናንት። አያ እሸቴ ሮቢት ላይ ጠርተው ነገሩኝ።"

"ሰምተህ ነው እንግዲህ ከጎኔ ያደርከው!"

"ምን ብዬ ልንገርሽ?" አለ ይሁኔ በቀጭን ድምፅ።

ከኋላ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ነገሩን ለማለዘብ ጣልቃ ገቡ። "ልጁ እኮ አልካደም። ስንቱ ሲክድ ነው የምናየው! ባጃጅ አለው፣ ይዟት ይኖራል፤ በዚህ ክፉ ዓመት ለእናንተም ክንድ ይሆናችኋል። ነገሩም ወደ ሕግ ሳይሄድ በአገር ባህል ያልቃል።"

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች ወለላ። "አስረግዞ ሽማግሌ የሚልከውስ ምን ይባላል?"

አያ እሸቴ ሳያስቡት ፈገግ አሉና መልሰው ኮስተር አሉ። "ተይ እንግዲህ፤ ሆዷ ሳይገፋ፣ ሰው ሳይሰማ ይለቅ ነው የምንለው። ይሁኔ እሺ ብሎናል። የቀረን የአንቺ ቃል ነው።"

"ይሁኔ እሺ ካለ እሱን ዳሩታ!"

ዱላዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነጠላዋን አነሳች። "እኔ ልጄን ሳላይ እሺም እምቢም አልልም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሼ እነግራችኋለሁ። ውሃው እንስራው ውስጥ አለ፤ ከጠማችሁ ጠጡ፣ ለማንም አልናገርባችሁም።"

ይሁኔ ከቁልቋሉ አጥር በታች ደረሰባት። ሲሮጥ ስለመጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

"ወለላ፣ ተረጋጊ። ያለንበትን ታውቂያለሽ። ከጦርነቱ ወዲህ በሬያችን አንድ ነው። ማሽላውን አቀንጭራ የሚሉት አረም ጨርሶታል። ሁለት ልጆች ከኋላዋ አሉ። ደግሞ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ነገ በየለቅሶው ምን ሲሉን ልንውል ነው?"

"እኔን ስትወስደኝ ስንተኛ ክፍል ነበርኩ?"

"አሁን እሱን ምን አመጣው? ምን አጎደልኩብሽ?"

"ምንም አላጎደልክብኝም። ደግ ባል ነህ። ግን አራተኛ ክፍል ሆኜ ደብተሬን ከእጄ ተቀብለው ወንፊት ሰጡኝ። ያኔም ዓመቱ ክፉ ነበር፤ ያኔም አንድ አፍ ይቀነስ ተብሎ ነበር። ዓመት በከፋ ቁጥር የሚቀነሰው የሴት ልጅ አፍ ነው እንዴ?"

ወለላ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ አስፋልቱ ወረደች። ልጇን ለመምታት እየሄደች ይሁን ለማቀፍ እሷም አላወቀችውም።

የኡሙልኸይር ግቢ ከቆቦ ገበያ ጀርባ ነው። ኡሙልኸይር ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አረብ አገር የሄዱባት ሴት ናት፤ ሰርቪስ ክፍሎቿን ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች ታከራያለች። ወለላ ስትገባ በርበሬ ሸራ ላይ እያሰጣች ነበር።

"አልሐምዱሊላህ! ራስሽ መጣሽልኝ እህቴ" ብላ ተነሳች። "ልጅቷ አላማረችኝም፤ ሰው ልላክብሽ ስል ነበር።"

"ዛሬ ነው ያላማረችሽ?" ወለላ ድምፅዋ እንደሚሰነጠቅ እየታወቃት እንኳ አላቆመችም። "ልጄን አንቺ ጉያ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት! ምን አጥታ ነው እዚህ የደረሰችው? ሰው ሲገባ ሲወጣ አላየሽም?"

"ምን አጥታ?" ኡሙልኸይር በርበሬ የነካ እጇን ከልብሷ አራቀች። "ወላሂ የአንቺ ልጅ የምትራብ ከሆነማ የሌሎቹ ሞተዋል! ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣውን አገልግል እኮ አየዋለሁ። ምስሩ፣ ሩዙ፣ ዘይቱ፣ የገላ ሳሙናው ሳይቀር! ማሻአላህ፣ በዚህ ዓመት እንዲህ የምትልክ እናት ብዬ፣ እኔ ያቺን ቀጭን ሽሮዬን 'ቅመሺ' ማለቱን እንኳ አፍሬ ተውኩት።"



"ሩዝ?" አለች ወለላ። "ሩዝ ከየት አምጥቼ?"

"አንቺ አይደለሽም የምትልኪው?"

"እኔ የምልከው ድርቆሽና ሽሮ ነው፤ እሱም ከአገልግሉ ግማሽ አይሞላም። ከሥሩ ጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ።" ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። አስፋልት ዳር የሚቆመው ሰው ሁሉ አገልግል ሲቀበሉ ክብደቱን በዓይኑ ይመዝናል። የይሁኔ ቤት ባዶ ሆነ እንዳይባል፣ የተቀደደ ጋቢ አጥፋ ከታች ታደርግና ስንቁን ከላይ ትደረድረዋለች፤ ክዳኑ ሲገጠም ሙሉ ይመስላል።

"እፀገነት በስልክ 'ስንቁ ደርሶኛል እማየ፣ ሩዙ ጥሩ ነበር' ስትለኝ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር" አለች። "ኡሙልኸይር ናት የምትሞላላት ብዬ፣ ቤተ ክርስቲያን በሄድኩ ቁጥር ስምሽን ሳልጠራ አልመለስም ነበር!"

"እኔም በየሶላቴ ለአንቺ ዱዓ ሳደርግ ነበር!"

"በበዓሉ ስንገናኝ 'እህቴ፣ ስለ ሁሉም ነገር ፈጣሪ ይክፈልሽ' ስልሽ ምነው ታዲያ 'ምን አድርጌ' አላልሽኝም?"

"የሰላምታ ወግ መስሎኝ! አንቺስ ምነው 'ስለ ሩዙ' አላልሽኝም?"

ወለላ ለምን እንዳላለች ታውቃለች። የተሰጠን ነገር በስሙ ጠርቶ ማመስገን 'ጨምሪልኝ' ማለት ይሆናል፤ ዝም ማለት ይሻላል ብላ ነው። ኡሙልኸይርም ስለ ሰው አገልግል መጠየቅ ነውር መስሏት ነው። ሁለቱም ይሉኝታ ይዟቸው፣ አንዷ ሌላዋን ስትመርቅ፣ በመሃላቸው አንድ ባጃጅ ሲመላለስ ከረመ። ሁለቱም በርበሬው አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጡ፤ ወለላ ሽማግሌዎቹ ያመጡትን ነገር ነገረቻት። ኡሙልኸይር አለቀሰች። ወለላ ልታለቅስ ፈልጋ እንባው እምቢ አላት።

የመጨረሻው ክፍል በር ተከፈተ። እፀገነት ሁሉንም ሰምታለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ደፉ ላይ ቆማ፣ እጇን ሆዷ ላይ ልታደርግ ብላ መልሳ ጀርባዋ ላይ አጣመረችው። ወለላ ተነሳች። ስትመጣ በሚኒባሱ ውስጥ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት።

"ምሳ በልተሻል?" አለቻት።

እፀገነት 'አልበላሁም' ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ገብተው ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አገልግሉ ጥጉ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል በእጅ ተስሎ ተለጥፏል፤ የእፀገነት ሥራ ነው።

"መጀመሪያ አንቺ የላክሽው መስሎኝ ነበር" አለች ልጅቱ። "በኋላ ጨርቁን ከሥር አገኘሁት። የአባየ ጋቢ። እናቴ ሩዝ ካላት ለምን ጨርቅ ትጠቀጥቃለች አልኩና ጠየቅኩት። 'ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ታፍራለች' አለኝ። እውነቱን ነው፣ ታፍሪ ነበር።"

"አፍር ነበር።"

"ብዙ ጊዜ ምንም አላለኝም። ያደርስና ይሄዳል። ያስቀኛል። ከዚያ አንድ ቀን... እትየ ኡሙልኸይር ለቅሶ ሄደው ነበር... አመሸ።" ጣቶቿን ትቆጥር ይመስል አንድ በአንድ ትጎትታለች። "አልታገለኝም እማየ። እምቢ ማለት አፈርኩ። እምቢ ካልኩት የበላሁትን በምን እመልስለታለሁ?"

ወለላ ይህን ስትሰማ ነው የተቃጠለችው። በአላምረው ተቃጠለች፤ በጨርቁም፣ በራሷም። ልጇን ትከሻዋን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋቻት።

"ከዚያ ወዲያስ? መከላከያ የሚባል ነገር አልሰማሽም? ትምህርት ቤት አልነገሯችሁም?"

"ነግረውናል። ጤና ጣቢያ ሄጄም ነበር። በሩ ላይ ከእኛ ቀበሌ የመጡ ሴትዮ ተቀምጠው አየሁና ራሴን አሞኝ ነው ብዬ ኪኒን ይዤ ተመለስኩ።"

"ትወጂዋለሽ?"

"አላውቅም። ቅዳሜ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ስለሚመጣ ይሁን ስንቁ ስለሚመጣ አልለየሁትም።"

"ቢያገባሽስ?"

"አባየ እሺ ብሏል ብሎ ደወለልኝ።"

"የአባትሽን ሰምቻለሁ። አንቺን ነው የጠየቅሁ።"

"መማር ነው የምፈልገው" አለች እፀገነት፤ ቃሉን ከውስጧ ፈንቅላ እንዳወጣችው ያስታውቅ ነበር። "ግን በዚህ ሆድ..."

"ሆድሽ አይማር!" አለች ኡሙልኸይር፤ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። "የምትማሪው አንቺ ነሽ። እስኪከብድሽ ከዚህ ትመላለሻለሽ። ስትወልጂ እናትሽ ዘንድ ትታረሻለሽ። ከዚያ ደግሞ አንቺ ክፍል ስትገቢ ልጁን እኔ እይዘዋለሁ፤ የእኔዎቹ እንደሆኑ የልጅ ልጆቼን በስልክ ነው የሚያሳዩኝ። እናትሽ ከፈቀደች።"

ወለላ ተነስታ የኡሙልኸይርን እጅ ሳመች። በርበሬው ከንፈሯን አቃጠላት።

ከዚያ አገልግሉን አንስታ ክዳኑን ከፈተች። ጨርቁ ከሥር አለ። እንዳለ ዘጋችውና ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

ሮቢት ከሚኒባሱ ስትወርድ አላምረው ባጃጁን አጥፍቶ እየጠበቃት ነበር። ሽማግሌዎቹን ስለላከ ልብሱን ቀይሯል፤ ጸጉሩንም ተስተካክሏል። አገልግሉን ሲያይ እንደ ልማዱ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ ወለላ አልሰጠችውም።

"እትየ ወለላ፣ በእናትዎ አይፍረዱብኝ" አለ። "እኔ እኮ ልጅቷ ስትራብ አይቼ፣ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው።"

"ስትራብ ማየትህ እውነት ነው። አዝነህ መስጠትህንም አምንሃለሁ" አለች ወለላ። "ስትራብ አይተህ ለእኔ ለእናቷ ግን አልነገርክም። ያን ቀን ብትነግረኝ ቤቴን ሸጬም ቢሆን እመጣ ነበር። እኔን ዝም አሰኝተህ እሷን ባለ ዕዳ አደረግሃት። ዕዳውንም ተቀበልክ።"

"አገባታለሁ እያልኩ እኮ ነው!"

"አንተ ሃያ ስድስት ዓመትህ ነው። እሷ አሥራ ስድስት። ልጅ መሆኗን ከአንተ የተሻለ ማን ያውቃል? ምሳዋን የምታደርስላት አንተ ነበርክ።"

አላምረው አንገቱን ደፋ። አስፋልቱ ዳር የቆሙት ሰዎች ጆሯቸውን አቁመዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ወለላ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ዛሬ አላደረገችም፤ ግን አልጨመረችበትምም። መንገዷን ቀጠለች።

ፀሐይ ወደ ደጋው በኩል ስታዘቀዝቅ ቤቷ ደረሰች። ሽማግሌዎቹ ወጣ ብለው ተመልሰዋል፤ አሁንም ቆመዋል። ይሁኔ የተረፈውን ማሽላ ወቅቶ ጨርሷል፤ መውቃት የሴት ሥራ ነው ሲል የኖረ ሰው ዛሬ እጁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ነበር።

"እህ፣ ወለላ?" አሉ አያ እሸቴ።

ወለላ አገልግሉን በሽማግሌዎቹና በባሏ መሃል መሬት ላይ አስቀመጠችና ክዳኑን ከፈተች። ጨርቁን አወጣች። ረጅም ነበር፤ ተጎትቶ አላልቅ አለ። ይሁኔ ጋቢውን ለየው።

"ይሄ ነው የላክሁት" አለች። "ከላይ ድርቆሽ፣ ከታች ይሄ። እናንተ መንገድ ዳር ቆማችሁ ሙሉ ነው እንድትሉኝ ብዬ። የጎደለውን አላምረው ሞላው። ልጄ ሆዷን ስለሞላላት እምቢ ማለት አልቻለችም። ይኸው ነው ነገሩ፤ ሌላ ምንም የለበትም።"

ወለላ ወደ አያ እሸቴ ዞረች።

"አላምረው ልጁን አልካድኩም ካለ መልካም፤ በእናንተ ፊት ልጄ ነው ይበልና ያሳድግ። ከካደ ሕግ አለ፤ እሱንም አውቃለሁ። እፀገነትን ግን አልሰጥም። የበላችው ሩዝ ጥሎሽ አይደለም።"

አያ እሸቴ ወደ ይሁኔ ዞሩ። "አንተ ትናንት ቃል ሰጥተኸናል። ወንድ ልጅ ቃሉን ያጥፋል?"

ይሁኔ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ያይ ነበር። "እኔ" አለ፣ "ሙሉ መስሎኝ ነበር አያ እሸቴ። በየሳምንቱ ክዳኑ ተገጥሞ አየዋለሁ፤ ሙሉ መስሎኝ ነበር።" ጫፉን ለቀቀ። "ቃሌን አጥፌያለሁ። ጥፋቱ በእኔ ይሁን። ልጄ ትማር።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በንዴት ኩታቸውን አራገፉ። አያ እሸቴ ግን ጨርቁን አዩና በርጩማውን በከዘራቸው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ተቀመጡ።

"እንግዲህ የመጣነው መልስ ፍለጋ ነበር፤ መልስ አገኘን" አሉ። "በሉ ውሃ ስጡን። ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምነው።"

ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ ማለት አይደለም። ሰፈሩ አወራ። ከዘመድ አንዳንዱ መምጣቱን ተወ። ይሁኔ ጎሊና ወንዝ ዳር ባለው የሽንኩርት ማሳ በቀን ሥራ ተቀጠረ፤ ማታ ማታ ወገቡን ይዞ ነው የሚገባ።

ቅዳሜ ወለላ አገልግሉን አጥባ አደረቀችው። ድርቆሹን፣ ሽሮውን፣ ይሁኔ ያመጣውን ጥቂት ሽንኩርት ከሥሩ ጀምራ ደረደረች። ከግማሽ በታች ነው። ጋቢው አጠገቧ ታጥፎ ተቀምጧል። እጇ በልማድ ወደ እሱ ሄደ፤ አነሳችው፤ ከዚያ ለትንሹ ልጅ ብርድ መከላከያ እንዲሆን መደብ ላይ ወረወረችው። ክዳኑን ቤቱ ውስጥ ትታ አገልግሉን ክፍቱን ታቅፋ ወጣች።

አስፋልቱ ላይ አላምረው ባጃጁ ውስጥ ተቀምጧል። አልጠራትም። እሷም ቀና ብላ አለፈችው። ሚኒባሱ ሲቆም ረዳቱ አገልግሉን ልጫንልሽ ብሎ ወደ ውስጡ ተመለከተ፣ የተሰለፈውም ሰው ተመለከተ።

"እናቴ፣ ይሄ ጎደሎ ነው እንዴ?"

"አዎ፣ ጎደሎ ነው" አለች ወለላ ሁሉም እንዲሰማ። "እኔው እይዘዋለሁ።"